ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ በአንድ ግስ

እሑድ፣ ሳሪያ

ሳሪያ ከሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ ጋሊሲያ በሚባለው ክልል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በመንገደኛ የምትጨናነቀው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ካሚኖን፣ ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደውን የተሳላሚዎች መንገድ፣ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ኮምፖስቴላ የሚባለውን ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መራመድ አለበት። ሳሪያ ከዚያች ቁጥር ትንሽ አለፍ ብላ ነው ያለችው፤ ባቡርም ይቆምባታል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱ አጭር የሆነ ሁሉ እዚህ ይወርዳል። እኔም ከፍራንክፈርት ተነስቼ በማድሪድ አድርጌ እዚሁ ወረድኩ።

አልቤርጌ ይሉታል የመንገደኛውን ማደሪያ። ተቀባዩ ልጅ ክሬዴንሲያሌን ተቀብሎ ማህተም መታበት። ክሬዴንሲያል የመንገደኛ ደብተር ነው፤ ከሳሪያ የተነሳ ሰው በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ማህተም ያስመታበታል። ማህተሙን እየመታ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አሴስ ኤል ካሚኖ ሶላ?»

ካሚኖን ብቻሽን ነው የምታደርጊው? ማለቱ ነው። ስፔኖች ካሚኖን እንደ ሥራ ያዩታል መሰለኝ፣ ብዙ ጊዜ «ሄድኩ» ከማለት «አደረግኩ» ማለት ይቀናቸዋል። አሴር ኤል ካሚኖ፤ ካሚኖን ማድረግ።

እኔም የመጣሁት ለዚችው ግስ ነው ማለት ይቻላል። ፍራንክፈርት የስፓኒሽ የማታ ኮርስ ስማር አስተማሪያችን አሴርን ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ አድርጎ ጻፈልን። አጎ፣ አሴስ፣ አሴ፣ አሴሞስ፣ አሴይስ፣ አሴን። አደርጋለሁ ማለት «አጎ» ነው፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ «ጎ» የሚገባበት እሱ ላይ ብቻ ነው። ይሄ ጠባይ የአሴር ብቻ አይደለም። ቴንጎ አለኝ ነው፣ ፖንጎ አስቀምጣለሁ፣ ሳልጎ እወጣለሁ፣ ዲጎ እላለሁ። ኃላፊው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቤት ነው፤ ኢሴ አደረግኩ፣ ኢሲስቴ አደረግክ፣ ኢሶ አደረገ። የወደፊቱ አሬ ነው። «የተደረገ» ኤቾ ይባላል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ አስ።

ሠንጠረዡን በቃሌ ያዝኩት። ስፔን ስደርስ ግን ሰው በሠንጠረዥ አያወራም። ግሷ ከብርድ ጋር፣ ከወረፋ ጋር፣ ከፎቶ ጋር፣ ከዓመት ጋር ነው የምትሄደው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ እሷን ብቻ ልከታተል ብዬ ደብተር ያዝኩ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የስፔን ሰው አሴር ሲል መሀል ያለችውን ድምፅ ምላሱን በጥርሱ መካከል አድርጎ ነው የሚያወጣት። ፊደላችን ለእሷ የሚሆን የለውም። ላቲን አሜሪካ በ«ስ» ይሏታል፣ እኔም በ«ስ» እጽፋታለሁ። መጀመሪያ ላይ ያለችው «ሀ» ተጽፋ አትነበብም።

ከጎኔ ያለውን አልጋ የያዙት ከሌዮን የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በደብተሬ እትዬ ብያቸዋለሁ። በአክብሮት «ኡስቴድ» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ፤ «አንቺ በይኝ!» አሉ። በስፓኒሽ አንቺ ስል አሴስ፣ እርስዎ ስል አሴ ነው የምለው። እሺ ብዬ አሴስ አልኳቸው። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ እሳቸው እንደሆኑ ይቆያሉ።

ሰኞ፣ ከሳሪያ እስከ ፖርቶማሪን

ሳይነጋ ወጣን። እትዬ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ደጅ እንዳደረጉ «ኡይ፣ አሴ ፍሪዮ!» አሉ። ብርድ ያደርጋል እንደማለት ነው። ማን ነው የሚያደርገው? ማንም። አየሩ ነው።

አሴ ካሎር ሙቀት ነው፣ አሴ ሶል ፀሐይ ነው፣ አሴ ቢየንቶ ነፋስ ነው። ሰውየው ሲበርደው ግን ግሱ ይቀየራል፤ ቴንጎ ፍሪዮ፣ ብርድ አለኝ። እኛም እኮ እንለያለን። «ዛሬ ብርድ ነው» ማለትና «በረደኝ» ማለት አንድ አይደለም። ይሄን ልዩነት የያዘ ሰው አሴን እና ቴንጎን አያደባልቅም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው ለማለት ደግሞ ሦስተኛ ግስ አለ፤ ኤስታ። ጉም ሲሆን አሴ አይባልም፤ «አይ ኒየብላ» ነው፣ ጉም አለ። ዝናቡ የራሱ ግስ አለው። ጋሊሲያ ውስጥ ዝናብ የራሱ ግስ ባይኖረው ነበር የሚገርመው።

መንገድ ዳር ባለች ካፌ ቡና ያቀረበችልን ሴት «ፋይ ፍሪዮ» አለች። ጋሊሲያ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ጋሊሲያንኛ፤ በእሱ አሴር «ፋሴር» ነው። የላቲኑን «ፈ» ጋሊሲያ አልጣለችም። የስፓኒሽ መነሻ የሆነችው ካስቲያ ጥላ «ሀ» ተካችባት፣ በኋላ ሀዋም ድምፅዋ ጠፋ። እትዬ ይሄን ሲያስረዱኝ አስተማሪነታቸው ተመልሶ መጣ፤ ጣታቸውን እንደ ጠመኔ ያዙት። «ትንሽ ቆይተሽ ምሳሌውን በእግርሽ ትረግጪዋለሽ» አሉኝ። እውነትም ከአንድ ሰዓት በኋላ ፌሬይሮስ የሚባል መንደር ደረስን። አንጥረኞች ማለት ነው። በካስቲያ ቢሆን ኖሮ መንደሩ ኤሬሮስ ይባል ነበር፤ «ፈ»ዋ እዛ ትረግፋለች፣ እዚህ አለች። ድሮ የመንገደኛውን ጫማና የፈረሱን ኮቴ የሚጠግኑ ሰዎች የነበሩበት ነው ይላሉ።

እዚያው አካባቢ 100 ኪሎ ሜትር የሚል የድንጋይ ምልክት አለ። ላዩ ሙሉ የተጻፈበት፣ የተለጠፈበት፣ አበባ የተሰካበት ነው። ሰዉ ፎቶ ለመነሳት ተሰልፏል። አንዲት ልጅ ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ «ሜ አሴስ ኡና ፎቶ?» እኛ ፎቶ እናነሳለን፣ ስፔን ፎቶ ያደርጋሉ። ላቲን አሜሪካ ሌላ ግስ ይጠቀማሉ፤ እንግዲህ ይሄን ሲል የሰማችሁት ሰው ምናልባት የስፔን ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚኞን ወንዝ በረጅሙ ድልድይ ተሻግረን ፖርቶማሪን ገባን። ከድልድዩ ማዶ ቁልቁለት ሳይሆን ደረጃ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ያንን ሁሉ ሰዓት ከተራመዱ በኋላ ደረጃ! ከላይ ያለው ከተማ አዲስ ነው። የድሮው ፖርቶማሪን ከታች ከውኃው ሥር ነው ያለው። በፈረንጆች 1963 የተጠናቀቀው የቤሌሳር ግድብ ሸለቆውን ሲሞላው ከተማው ወደ ኮረብታው ተዛወረ። የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ላይ እንደገና ተሠራ። ግንቡ ላይ ቀረብ ብዬ አየሁ። በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቁጥሩ አሁንም አለ፤ የደበዘዘ ቀለም ነው፣ ጣት ሲያርፍበት ድንጋዩ ሸካራ ቀለሙ ለስላሳ ነው። ማን እንደጻፈው ባላውቅም እጁ አልተንቀጠቀጠም።

አደባባዩ ላይ ለተቀመጡ አንድ አዛውንት እትዬ ከተማው መቼ እንደተዛወረ ጠየቋቸው። «አሴ ማስ ዴ ሴሴንታ አኞስ» አሉ፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ያደርጋል። ማለትም ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። ይሄ ለኛ ቀላል ነው። «እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ» ስንል ዓመቱን በ«ሆነ» እንለካለን፤ እነሱ በ«አሴ» ይለካሉ። ዓመቱ ቢበዛም አሴ ነጠላ እንደሆነች ትቀራለች፤ አሴን አትሆንም። አደራ፣ «አኞ» ላይ «ኘ»ን አጥብቁ። ለኛ የታወቀች ፊደል ናት፣ ምክንያት የለንም። «አኖ» ያላችሁ እንደሆነ ግን የሰውነት ክፍል ይሆናል፣ እናት ፊት የማይጠራ።

ማክሰኞ፣ ፓላስ ዴ ሬይ

25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳገቱ ጠዋት ነው የሚያልቀው፤ ከዚያ ብዙውን የአስፋልት ዳር ነው። የሚጻፍ የለውም፣ ከእግሬ በስተቀር።

ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ፋርማሲ ገብቼ በጀርመንኛ የማስበውን በስፓኒሽ ስፈልግ እትዬ ቀደሙኝ፤ «ሴ ሌ አ ኤቾ ኡና አምፖያ» አሉ ለባለሙያዋ። ቃል በቃል ብትወስዱት የውኃ ቋጠሮው ራሱን አደረገባት እንደማለት ነው። ማንም አላጠፋም። ነገሩ መጣ፣ እኔ ላይ ደረሰ። እኛ ይሄን «ብ» በምትባል አንዲት ፊደል እንጨርሰዋለን፤ ቋጠረብኝ። እኔ ስናገረው «ሴ ሜ» ይሆናል፤ «ብኝ» የሚለው እዚያች «ሜ» ላይ ነው ያለው። ጀርመንኛ የለመደ ጓደኛዬ ቢሆን እግሬን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ያጣምመው ነበር።

ባለሙያዋ ከመደርደሪያው ፕላስተር እያወረደች «ቴ አሴ ፋልታ አልጎ ማስ?» አለችኝ። ሌላ የሚያስፈልግሽ አለ? ይሄ ሐረግ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትን ሰው ያንገላታዋል። የሚያስፈልገው ሰው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይደለማ። ባለቤቱ ዕቃው ነው። ምርኩዝ ያስፈልገኛል፤ «ሜ አሴ ፋልታ ኡን ባስቶን»። ሁለት ምርኩዝ ከሆነ «ሜ አሴን ፋልታ ዶስ»፤ ዕቃው ሲበዛ ግሱም ይበዛል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ይሄን ከጡት ጋር ነው የጠባው። ያስፈልገኛል፣ ይርበኛል፣ ደስ ይለኛል እያልን አድገናል፤ እኛ ዳር ላይ ቆመን ነገሩ ወደኛ ይመጣል። ማንም አስተማሪ ይሄን ነግሮኝ አያውቅም። ኮርሱ ለጀርመኖች ነዋ የተዘጋጀው።

ሁለት ምርኩዝ ገዛሁ።

መንታ መንገድ ላይ ቆመን ስንወዛገብ እትዬ «አስ ካሶ አ ላ ፍሌቻ» አሉኝ፤ ቀስቷን ስሚያት። አሴር ካሶ መስማት፣ ቁም ነገር ማለት ነው። «ኖ አጋስ ካሶ» ደግሞ እርሺው፣ አትስሚያቸው። ካሚኖ ላይ ያለችውን ቢጫ ቀስት የጀመሯት ኤሊያስ ባሊኛ የሚባሉ ቄስ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ተራራው ላይ የምትገኘው የኦ ሴብሬይሮ ካህን ነበሩ። በፈረንጆች 1980ዎቹ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መንገዱን ምልክት አደረጉበት። በ1989 አረፉ። ቀስቷ ዛሬ በዛፍ፣ በግንብ፣ በአስፋልት ላይ አለች፤ ካርታ ሳልከፍት ነው የዋልኩት።

ረቡዕ፣ አርሱዋ

የዛሬው ረጅሙ ነው፣ 29 ኪሎ ሜትር ያህል። ረቡዕ በመሆኑ ደግሞ ጾም ነው። ጠዋት እትዬ በወተት ያለ ቡና ሲያዙልኝ «ኦይ አጎ አዩኖ» አልኩ፤ ዛሬ ጾም አደርጋለሁ። አዩኖ ሲሉ ጭራሽ አለመብላት ነው የሚገባቸው፤ ስለዚህ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም ብዬ መዘርዘር ነበረብኝ። «በየሳምንቱ?» አሉ። ረቡዕና ዓርብ አልኳቸው። ቡናውን ያለ ወተት አስመጡልኝና ዳቦና ቲማቲም ጨመሩበት።

ሌቦሬይሮ የምትባል መንደር ላይ ቆምኩ። ከቤተ ክርስቲያኗ ፊት ለፊት ከጭራሮ የተጎነጎነ፣ ከድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠ፣ የሣር ክዳን የደፋ ጎተራ አለ። ቁርጥ የአያቴን ቤት ጎተራ ነው የሚመስለው። በቆሎ ያስቀምጡበት ነበር። ሌላው የጋሊሲያ ጎተራ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ ረጅም ኦሬዮ ነው፤ አይጥ እንዳይወጣበት እግሮቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል።

እኩለ ቀን ሜሊዴ ገባን። ሜሊዴ የኦክቶፐስ ከተማ ናት። በትልቅ የመዳብ ድስት ይቀቀላል፣ በመቀስ ይቆራረጣል፣ በእንጨት ሳህን ላይ የወይራ ዘይት፣ ደቃቅ በርበሬና ሻካራ ጨው ይነሰነስበታል። ሽታው እስከ መንገድ ይደርሳል። እኔ አልነካሁትም፤ ክንፍና ቅርፊት ለሌለው የባሕር ነገር ያደግኩበት ቤት ምን እንደሚል የኛ ሰው ያውቃል። የፓድሮን ቃሪያ አዘዝኩ፤ ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያ ነው፣ በዘይት ተጠብሶ ጨው ይነሰነስበታል። አንዳንዱ ያቃጥላል አንዳንዱ አያቃጥልም የሚል አባባል አላቸው። እኔ የደረሰኝ ሳህን ውስጥ አንዱም አላቃጠለም። ትንሽ አዘንኩ።

ከጎናችን የተቀመጠው ሰው ሥጋ አዘዘ። አስተናጋጁ «ኮሞ ሎ ኪየሬ፣ ፖኮ ኤቾ ኦ ሙይ ኤቾ?» አለው። ጥቂት የተደረገ ወይስ ብዙ የተደረገ? ፖኮ ኤቾ ለብ ለብ ነው፣ ሙይ ኤቾ በደንብ የበሰለ። የክትፎ ሰው ፖኮ ኤቾን ይያዝ።

ምግቡ ዘገየ። በመጨረሻ አስተናጋጁ ሳህኖቹን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ መጣና «ፔርዶን ፖር አሴሮስ ኤስፔራር» አለ። ኤስፔራር መጠበቅ ነው። እንድትጠብቁ ስላደረግኳችሁ ይቅርታ። ሹካዬን አስቀመጥኩ። ይሄ ሰው በአማርኛ ቢሆን በአንድ ቃል ነበር የሚለው፤ ስላስጠበቅኳችሁ። እና ያቺ «አስ» ማን ናት? አሴር ናት!

ደብተሬን አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ መጻፍ ጀመርኩ። ሬኢር መሳቅ፣ «ሜ አሴ ሬኢር» ያስቀኛል። ዮራር ማልቀስ፣ «ሜ አሴ ዮራር» ያስለቅሰኛል። ዶርሚር መተኛት፣ «አሴር ዶርሚር» ማስተኛት። ኤንትራር መግባት፣ «አሴር ኤንትራር» ማስገባት። እትዬ ቃሪያዬን እየበሉ ያዩኝ ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው ፊደሉን ጻፊልኝ አሉ። «አስ» ብዬ በናፕኪን ላይ ጻፍኩላቸው። የስፓኒሹ ትእዛዝም «አስ» ነው ብለው ሳቁ። አጋጣሚ ነው፣ ዝምድና የለውም። ግን ማን ይረሳዋል?

ሁልጊዜ አይሠራም። ማስተማር የራሱ ግስ አለው፣ ማስታወስም። ማብላት «መብላትን መስጠት» ነው የሚሉት። ይሁን እንጂ ቃሉ ሲጠፋባችሁ ዋናውን ግስ ይዛችሁ ፊቱ አሴርን ብታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይረዳችኋል። እኔ ከሜሊዴ እስከ አርሱዋ እንዲያ እያደረግኩ ነው የሄድኩት። መንገዱ ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ያለከልካል፤ አሴር ብዬ አማረርኩ፣ እትዬ ገባቸው።

ማታ አርሱዋ። የአካባቢው ለስላሳ አይብ ታዋቂ ነው፣ ግን ረቡዕ ነው። አለፈኝ።

ሌሊቱን አንድ ሰውዬ አንኮራፋ። ማንኮራፋት እንኳ ተፈጥሮ ነው። ከንጋቱ በፊት የጮኸው የስልክ ደወል ግን ባለቤት አልነበረውም። ጮኸ፣ ጮኸ። ሁሉም ጸጥ። እትዬ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ «አልጊየን ሴ ኤስታ አሲየንዶ ኤል ዶርሚዶ» አሉ፤ የተኛ የሚመስል ሰው እዚህ አለ። አሴርሴ ኤል ዶርሚዶ የተኙ መምሰል፣ አሴርሴ ኤል ሶርዶ ደንቆሮ መምሰል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ከሁሉ የሳቅኩበት አሴርሴ ኤል ሱዌኮ ነው። ስዊድናዊ መምሰል! ነገሩ እንዳልገባው ሰው ሆኖ ማለፍ ነው። ስዊድኖች ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ኦ ፔድሮውሶ

ዝናብ። ከአርሱዋ እንደወጣን ያዘን፣ እስከ መጨረሻው አልለቀቀንም። መንገዱ አጭር ነው፤ 19 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ዛሬ ግን እንደ ሀገሬ ሸተተኝ። መንገዱ በባህር ዛፍ ደን ውስጥ ያልፋል። ረጃጅም፣ ቅርፊታቸው የተላጠ፣ ሥራቸው ቅጠል የተነጠፈበት። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲሸታችሁ እንጦጦ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። ጋሊሲያ ውስጥ ዘሩን ከአውስትራሊያ መጀመሪያ የላኩት ሮሴንዶ ሳልባዶ የሚባሉ የቱይ ከተማ ተወላጅ መነኩሴ ናቸው ይባላል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። ለኛም ዘሩ የመጣው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፣ በምኒልክ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ሰዓት። ክርክሩም አንድ ነው። ውኃ ይጠጣል፣ አፈር ይጎዳል፣ ሌላ ዛፍ አያስጠጋም፤ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ገንዘብ ያመጣል። ጋሊሲያዎች እሳቱንም ይጨምሩበታል፤ በበጋ ደኑ ሲቀጣጠል ባህር ዛፍ ይወቀሳል።

ዝናቡ በኮሌታዬ ገብቶ ወገቤ ደረሰ። እትዬን ዞር ብዬ አየኋቸው። ፕላስቲካቸው ተቀድዶ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ኬ ሌ ባሞስ አ አሴር» አሉ።

ምን እናደርገዋለን? ምን ይደረግ!

ይሄ ሐረግ ማስታወሻ አልፈለገም። ድምፁ ራሱ የኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ ዝቅ ይላል፣ ጥያቄ ይመስላል ግን መልስ አይጠብቅም። ቢሮ ተዘግቶ ስታገኙት፣ አውቶቡስ ሲያመልጣችሁ፣ ሰው ሲሞት ሁሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ በየኩሬው «ኬ ሌ ባሞስ አ አሴር» እየተባባልን ሄድን።

አንድ ካፌ በር ላይ የተሰበሰቡ ወጣቶች ታክሲ ሲጠሩ እትዬ «ኤሶ ኤስ አሴር ትራምፓ!» ብለው ጮኹባቸው። ማጭበርበር ነው። ልጆቹ ሳቁ፣ ታክሲውም መጣ። ቶሎ ባንራመድ ደግሞ ይመሽብናል፤ «ሴ አሴ ታርዴ»፣ እየመሸ ነው። ያቺ «ሴ» ስትጨመር አሴር ወደ «ሆነ» ትጠጋለች። ሰው ሐኪም ሲሆን፣ ሲያረጅ፣ ሲመነኩስ በእሷ ነው የሚባለው።

ዓርብ፣ ሳንቲያጎ

ሞንቴ ዶ ጎሶ የደስታ ተራራ ማለት ነው። የድሮ ተሳላሚ የካቴድራሉን ማማዎች መጀመሪያ የሚያየው ከዚህ ስለሆነ። እኛ ጉም አየን። አይ ኒየብላ።

ከተማው ውስጥ ገብቶ እስከ አሮጌው ሰፈር መድረስ ሰዓት ይፈጃል፤ የትራፊክ መብራት፣ ሱፐርማርኬት፣ አውቶቡስ። ከዚያ በድንገት ቅስት ታልፉና ኦብራዶይሮ አደባባይ ላይ ናችሁ። ሰዉ ቦርሳውን ተንተርሶ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል። የሚያለቅስ አለ። የሚዘፍን አለ። እትዬ ጫማቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወረፋ። አሴር ኮላ። ወረፋ ያደርጋሉ እንጂ አይሰለፉም። በ2024 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ኮምፖስቴላ የተቀበለው ሰው ወደ 500 ሺህ ይጠጋል፤ ስለዚህ የተሳላሚዎች ቢሮ እንደ ባንክ ቁጥር ይሰጣል፣ ስክሪን ላይ ቁጥራችሁ ይወጣል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ማህተሞቼን አየችና ጠየቀችኝ፤ «ፖር ኬ ሞቲቦ ኢሶ ኤል ካሚኖ?» በምን ምክንያት ካሚኖን አደረጉ? ኢሶ። እርስዎ እያለችኝ ነው፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ። ሃይማኖት፣ መንፈሳዊ፣ ሌላ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ለግስ ነው ብል ስለማትመዘግበው ሃይማኖት አልኩ። ውሸትም አይደለም። ሳንቲያጎ ማለት ቅዱስ ያዕቆብ ነው፤ እዚህ ዐፅሙ አለ የሚሉት ያዕቆብ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው የዘብዴዎስ ልጅ ነው፤ እኛ ሚያዝያ 17 እናስበዋለን፣ እነሱ ሐምሌ 25 በፈረንጆች።

ማታ ቅዳሴ ላይ ቦታፉሜይሮን አየሁ። ጽና ነው፤ ዕጣን ማጠኛ። ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስምንት ሰዎች ገመዱን ይዘው ባንዴ ይጎትቱታል፤ ከጣሪያው ሥር ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው እየተወነጨፈ ጭሱን በሰው ራስ ላይ ይለቃል። ሁልጊዜ አይወነጨፍም፤ በበዓል ወይም ሰው ከፍሎ ሲያስደርግ ነው። ማን እንደከፈለ አላውቅም፣ እግዜር ይስጠው። አጠገቤ ያለ ሕፃን ወደ አባቱ ተጠግቶ «ኩዊዳዶ!» አለ፤ ተጠንቀቅ። ሁሉም ስልኩን ዘርግቷል። እኔ አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ዕጣኑን ሳብኩ። የኛው ሽታ ነው።

ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ

ወደ ማድሪድ። ቲኬቴ ላይ ኦሬንሴ ላይ ባቡር መቀየር አለብኝ ይላል፤ አሴር ትራንስቦርዶ። ልክ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ፤ የእትዬ መልእክት ነው፣ ወደ ሌዮን ከሚሄደው ባቡር።

«ኬ አሴስ?»

ምን እያደረግሽ ነው? እዚህ አገር ከሰላምታ ቀጥሎ የምትመጣ ጥያቄ ናት። ናዳ አልኳቸው፤ ምንም። ቀጠሉ። ሐምሌ 25 እሑድ የሚውልበት ዓመት ለሳንቲያጎ ቅዱስ ዓመት ነው፤ ቀጣዩ በፈረንጆች 2027 ነው። ያን ጊዜ ከሌዮን፣ ከቤታቸው በር ተነስተን እስከ መጨረሻው እንሂድ አሉኝ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። «ሎ አሴሞስ?» እናደርገው?

ተረከዜን አየሁት። ፕላስተሩ አለ። ስፔኖች አንድን ነገር ተስማማን፣ አለቀ ለማለት የሚሉት አንድ ቃል አለ፤ እሱን ጻፍኩላቸው።

«ኤቾ።»